የመንጋጋ ዕጢን በሲቢሲቲ መመርመርና ለቀዶ ህክምና ማቀድ፦ ደረጃ በደረጃ

ሲቢሲቲ (ጥርስንና የመንጋጋ አጥንትን በሦስት ገጽታ የሚያሳይ ራጅ) ታዟል፣ ታካሚው ከፍሏል፣ ምስሉም ተነስቷል። ቀዶ ሀኪሙ ጋ ሲደርስ ግን «ይሄ አይሆንም፣ ድጋሚ ተነስተህ ና» ይባላል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ምክንያቶቹም ያው ናቸው። የዕጢው ግማሽ ከምስሉ ውጪ ቀርቷል። ታካሚው ሲነሳ ተንቀሳቅሷል። ዋናው ፋይል ጠፍቶ ወረቀት ላይ የታተመው ፎቶ ብቻ ተርፏል። ወይም ናሙና ቀድሞ ተወስዶ አጥንቱ ከተነካካ በኋላ ነው ምስሉ የተነሳው።

ይህ መመሪያ የመንጋጋ እብጠት ለሚያዩ የጥርስ ሀኪሞች ነው። ታካሚ ወይም አስታማሚ ከሆናችሁ ደረጃ 4ን እና ደረጃ 5ን አትዝለሉ፤ እዚያ ያለው በእናንተ እጅ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ሲቢሲቲ የዕጢውን ስም አይነግራችሁም። የት እንዳለ፣ እስከ የት እንደደረሰና ምን እንደነካ ነው የሚያሳየው። ስሙን የሚሰጠው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ያልተገባ ቀዶ ህክምና ይሠራል፣ ወይ የተገባውን ያዘገያል።

ደረጃ 1፦ ከማሽኑ በፊት አፉን መርምሩ

1. እብጠቱ መቼ እንደጀመረና በምን ፍጥነት እንዳደገ ጠይቁ። አሜሎብላስቶማ (ከጥርስ ህዋስ የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ የመንጋጋ ዕጢ) ብዙውን ጊዜ ያለ ህመም፣ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው የሚያድገው።
2. የታችኛው ከንፈር ወይም አገጭ ደንዝዞ እንደሆነ ጠይቁ። ጉዳት ሳይደርስ፣ ጥርስም ሳይነቀል የመጣ መደንዘዝ ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ካንሰር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።
3. አንገቱን ዳስሱ። የጠነከረ፣ የማይነቃነቅ ንፍፊት ካለ መዝግቡ።
4. እብጠቱን በጣት ተጫኑት። ጠንካራ አጥንት ነው? ወይስ የአጥንቱ የውጪ ቅርፊት ሳስቶ ይሰረጉዳል?
5. እብጠቱ አካባቢ ያሉትን ጥርሶች በቅዝቃዜ ፈትኑ። የሞተ ጥርስ ካለ ነገሩ ከስሩ የተነሳ ኢንፌክሽን ወይም ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላል ፍተሻ ብዙ ወጪ ያድናል።
6. መጀመሪያ ተራ የፓኖራሚክ ራጅ (ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ፎቶ የሚያሳይ) አስነሱ። ሲቢሲቲ የሚታዘዘው እሱ ከታየ በኋላ ነው።

ተጠንቀቁ፦ የተነቃነቀ ጥርስ ስላያችሁ ብቻ አትንቀሉ። በእኛ አገር የተለመደው ታሪክ ይሄ ነው፦ ጥርሱ ስለተነቃነቀ ተነቀለ፣ ቁስሉ አልድን አለ፣ ከወራት በኋላ ከጉድጓዱ ሥጋ በቀለ። ያኔ ዕጢው አፍ ውስጥ ወጥቷል፣ ምስሉን ማንበብም ከብዷል።

ታካሚው ልጅ ከሆነ፦ እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ካደገና ብዙ ጥርሶች በአንድ ጊዜ ከተነቃነቁ የበርኪት ሊምፎማን (በፍጥነት የሚያድግ የልጆች ካንሰር) አስቡ። ሲቢሲቲ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ላኩት። ይህ በሽታ የሚታከመው በኬሞቴራፒ ነው እንጂ መንጋጋ በመቁረጥ አይደለም። እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው።

ደረጃ 2፦ ሲቢሲቲ ነው የሚያስፈልገው ወይስ ሌላ?

ሲቢሲቲ አጥንትና ጥርስ ላይ ጎበዝ ነው። ሥጋ ላይ ግን ደካማ ነው። ጡንቻን ከዕጢ፣ ዕጢን ከፈሳሽ አይለይላችሁም። ግራጫውን ቀለም በቁጥር ለክታችሁ «ይሄ ፈሳሽ ነው» ማለትም አይቻልም። የተራው ሲቲ ስካን ቁጥሮች ቋሚ መለኪያ አላቸው፤ የሲቢሲቲ ግን ከማሽን ማሽን፣ በአንድ ምስል ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ።

ስለዚህ፦

- ዕጢው አጥንት ውስጥ ብቻ ያለ ከመሰለ ሲቢሲቲ እዘዙ።
- ቅርፊቱን ሰብሮ ወደ ሥጋ የወጣ ከመሰለ፣ ቁስል ካለ፣ ከንፈር ከደነዘዘ ወይም የአንገት ንፍፊት ካለ በደም ስር የንጽጽር መድኃኒት (ኮንትራስት) ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ እዘዙ።
- የላይኛው መንጋጋ ዕጢ ወደ ዓይን ጉድጓድ ወይም ወደ ራስ ቅል ስር የተጠጋ ከመሰለ፣ አሁንም ሲቲና ኤምአርአይ ነው።

ለሁለቱም የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ጥርጣሬው ወደሚያመዝንበት አንዱን ምረጡ። ካንሰር ለጠረጠራችሁት ሰው «ለጊዜው» ብሎ ሲቢሲቲ ማስነሳት ገንዘቡንም ጊዜውንም ማባከን ነው።

ደረጃ 3፦ የማዘዣ ወረቀቱን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ

«ሲቢሲቲ፣ ታችኛው መንጋጋ» ብሎ መላክ አይበቃም። የሚያነሳው ባለሙያ ዕጢው የት እንዳለ አያውቅም፤ ለኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ ለሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) የለመደውን ትንሽ ክፍል አንስቶ ይልካል።

ሦስት ነገር ጻፉ።

የምስሉ ስፋት። ዕጢው በሁሉም አቅጣጫ ጤነኛ አጥንት ከቦት መታየት አለበት። ለትንሽ ነገር 5 በ5 ሴንቲሜትር ሊበቃ ይችላል። ከመንጋጋ ጥርስ እስከ ራሙስ (ከኋላ ወደ ላይ የሚወጣው የመንጋጋ ክፍል) ለተዘረጋ ዕጢ ግን ሙሉውን የታችኛው መንጋጋ ከሁለቱም ኮንዳይል (ጆሮ ጋ ያለው የመገጣጠሚያ ጫፍ) ጋር ጠይቁ። አጥንት ተቆርጦ የሚተካ ከሆነ ጤነኛው ጎን የግድ ያስፈልጋል፤ የታመመው ጎን ቅርፅ የሚወጣው ከእሱ ነው።

የቮክሰል (ምስሉ የተሠራበት ትንሹ ኪዩብ) መጠን። ለትልቅ ዕጢ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይበቃል። ከጥርስ ስር ጋር የተያያዘ ትንሽ ነገር ከሆነ ወደ 0.1 መውረድ ይቻላል። «ትንሽ ቮክሰል ሁሌም ይሻላል» የሚለው አያስኬድም። ትንሽ ቮክሰል ብዙውን ጊዜ ጨረሩንና የመነሻ ጊዜውን ይጨምራል፣ ታካሚውም የመንቀሳቀስ ዕድሉ ይሰፋል።

ጥያቄው። እንዲህ ያለ ማዘዣ ይሠራል፦

«የታችኛው ግራ መንጋጋ እብጠት፣ 2 ዓመት የቆየ፣ ህመም የለውም። በፓኖራሚክ ከ36 ቁጥር ጥርስ ስር እስከ ራሙስ የሚደርስ ባለብዙ ክፍል ጥቁር ጥላ ይታያል። ናሙና አልተወሰደም። ሙሉ የታችኛው መንጋጋ ከሁለቱም ኮንዳይል ጋር ይነሳ፣ ቮክሰል 0.3። ጥያቄ፦ ቅርፊቱ የት የት ተበስቷል? የነርቭ ቦዩ የት ነው? ከታችኛው ጠርዝ ምን ያህል ጤነኛ አጥንት ቀርቷል? ሙሉው የዳይኮም ፋይል ይሰጥ።»

ደረጃ 4፦ ታካሚውን ማዘጋጀትና ማንሳት

1. የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሀብል፣ የፀጉር ሽቦ፣ መነጽርና የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ። ሹሩባ ውስጥ የገባ ብረት ካለ ጠይቁ፣ ይረሳል። ማዕተቡ ላይ የብረት መስቀል ካለ ታካሚው ራሱ ያውልቀውና በእጁ ይያዘው።
2. ሴት ታካሚን እርግዝና ሊኖር እንደሚችል በክብር ጠይቁ። ካለ፣ ለአዛዡ ሀኪም ሳትነግሩ አታንሱ።
3. ከተቻለ ተቀምጦ ይነሳ። የቆመ ሰው ይወዛወዛል።
4. የላይና የታች ጥርሶች እንዳይነካኩ ጥቅል ጥጥ ያስነክሱት። ጥርሱ ከገጠመ የብረት ሙሌት ካለው ጥርስ የሚወጣው ጭረት የላዩንም የታቹንም ያበላሻል።
5. እብጠቱ ወደ ጉንጭ የወጣ ከሆነ በጉንጩና በድዱ መካከል ጥቅል ጥጥ አስገቡ። ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ የሳሳውን ቅርፊት ማየት ይቀላል።
6. ጭንቅላቱን በማሰሪያው አጥብቁ። ማሽኑን በሙከራ፣ ያለ ጨረር አንዴ አዙራችሁ አሳዩት። ብዙ ሰው የሚንቀሳቀሰው የማሽኑ ክንድ በፊቱ ሲያልፍ በዓይኑ ስለሚከተለው ነው። ዓይኑን ይጨፍን፣ ምራቁን አስቀድሞ ይዋጥ፣ እስኪያልቅ አይናገር።

ተንቀሳቅሶ ከሆነስ? ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ምስሉን እዩ። የአጥንቱ ጠርዝ ድርብ መስመር ከሆነ ተንቀሳቅሷል። ሆኖም ወዲያው አትድገሙ። የዕጢው ጠርዝና የነርቭ ቦዩ ከተነበቡ ይበቃል። እነሱ ካልታዩ ብቻ ድገሙ።

ለታካሚዎች፦ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፣ አያምም፣ መርፌም የለውም። ጨረሩ ከተራ የጥርስ ራጅ ይበልጣል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከተለመደው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያነሰ ነው። በፍርሃት አትቅሩ። ያለ ምክንያትም አትደጋግሙት።

ደረጃ 5፦ ፋይሉን በእጃችሁ አስገቡ

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ነው።

1. ሙሉውን የዳይኮም ፋይል (ማሽኑ የሚያወጣው ዋናው የምስል ፋይል) ጠይቁ። ፒዲኤፍ፣ የታተመ ፊልም ወይም ከስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይተካውም። ከነሱ ላይ መለካትም ሞዴል ማውጣትም አይቻልም።
2. ሲዲውን ወይም ፍላሹን ከመሄዳችሁ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱ። ሙሉ ምስል በተለምዶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች፣ ወይም አንድ በጣም ትልቅ ፋይል ይሆናል። አምስት ስድስት ፎቶ ብቻ ካያችሁ ዋናው አልተሰጣችሁም።
3. ስም፣ ዕድሜ፣ የተነሳበት ቀን፣ ግራና ቀኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለዩ።
4. በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዚፕ አስገብታችሁ እንደ ፋይል ላኩ። በፎቶ መልክ ከላካችሁት ተጨምቆ ይሄዳል።

ታካሚዎች፣ ኮፒ ሳታስቀሩ ሲዲውን ለማንም አትስጡ። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ተመላልሶ እንደገና ከመነሳት አንድ ፍላሽ መግዛት ይረክሳል።

ደረጃ 6፦ ምስሉን በቅደም ተከተል አንብቡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙዎች ፋይሉን እንደከፈቱ የሚያምረውን ባለሦስት ገጽታ ምስል ያሽከረክራሉ። እሱን መጨረሻ እዩት። ሶፍትዌሩ ያንን ምስል የሚሠራው ከተወሰነ ድምቀት በታች ያለውን ሁሉ እየጣለ ነው። ስለዚህ የሳሳ ቅርፊት እዚያ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ያልተበሳን አጥንት ተበስቷል ብሎ እቅድ ማውጣት ከዚህ ይመጣል።

1. ክፍሉን አጨልሙ። በምስሉ ላይ የጭንቅላቱን አቀማመጥ አስተካክሉ፤ የታችኛው መንጋጋ ጠርዝ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። የተጣመመ ምስል ላይ የተለካ ነገር አይታመንም።
2. አግድም ቁርጦቹን ከታች እስከ ላይ አንዴ ሳትቆሙ ሂዱባቸው። ሙሉውን እዩ፣ ዕጢውን ብቻ አይደለም። በሌላው ጎን ወይም በላይኛው መንጋጋ ሁለተኛ ጥላ ካለ ጎርሊን ሲንድሮምን አስቡ፤ ብዙ ኬራቶሲስት (ከጥርስ ህዋስ የሚነሳ፣ የመመለስ ባህሪ ያለው ሲስት) አንድ ላይ የሚታይበት በሽታ ነው።
3. ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ከጎን ወደ ጎን እንዲሁ አድርጉ።
4. የፓኖራሚክ መስመሩን በዕጢው መሃል አሳልፉ። አጥንቱ ስለተነፋ ውፍረቱን ጨምሩ፤ አለበለዚያ የዕጢው ክፍል ከምስሉ ይወጣል።
5. በ1 ሚሊሜትር ልዩነት አቋራጭ ቁርጦች አውጡ።
6. የነርቭ ቦዩን ምልክት አድርጉ። በጤነኛው ጎን ጀምሩ፤ ከመንታል ፎራመን (ነርቩ ወደ አገጭ ከሚወጣበት ቀዳዳ) ወደ ኋላ። ከዚያ ወደታመመው ጎን ሂዱ። ቦዩ ዕጢው ውስጥ ከጠፋ ከሁለቱም ጫፍ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ ምልክት አድርጉ። መሃሉን በግምት አታያይዙ።

አሁን እነዚህን መልሱና ጻፉ።

ከነርቭ ቦዩ በላይ ነው ወይስ በታች? ከቦዩ በላይ ከሆነ ከጥርስ ህዋስ የመነጨ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ከታች ከሆነ ሌላ ነገር አስቡ። ከኋላ ጥርሶች ሥር፣ ከቦዩ በታች፣ በምላስ በኩል ክፍት የሆነ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ጉድጓድ የስታፍን ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። እሱ ዕጢ አይደለም፣ አይነካም።

ጠርዙ እንዴት ነው? ጥርት ብሎ በነጭ መስመር የተከበበ ከሆነ ቀስ ብሎ ያደገ ነው። የተበላ፣ የት እንዳለቀ የማይታወቅ ከሆነ ካንሰር ወይም የአጥንት ኢንፌክሽን ጠርጥሩ።

ጥርሶቹን ምን አደረጋቸው? የገፋቸው ነገር ብዙ ጊዜ ቀስ ያለ ነው። ስራቸውን በቢላ የተቆረጠ ያህል ከቆረጠ አሜሎብላስቶማ ይጠረጠራል። የጥርሱ ዙሪያ ጥቁር መስመር በአንድ ጥርስ ላይ ያለ ምክንያት ወጥ ሆኖ ከሰፋ ኦስቲዮሳርኮማን (የአጥንት ካንሰር) አትርሱ።

አጥንቱ ወዴት ተነፋ? ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ይነግራል። አሜሎብላስቶማ ወደ ጉንጭም ወደ ምላስም ይነፋል። ኬራቶሲስት ግን የአጥንቱን መሃል ተከትሎ ርዝመቱን ይሄዳል፤ ከውጪ ሲታይ ብዙም እብጠት የለውም። ረጅም ጥላ፣ ትንሽ እብጠት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን አስቡ።

ውስጡ ምን አለ? ብዙ ክፍል ያለው፣ የሳሙና አረፋ የሚመስል ጥላ አሜሎብላስቶማን ያስጠረጥራል። ቀጭንና ቀጥ ያሉ ግድግዳዎች ማይክሶማን (ልጋግ መሰል ዕጢ) ያስታውሳሉ። ወጥ ሆኖ የደበዘዘ፣ ከጤነኛው አጥንት ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ (ጤነኛ አጥንት በጅማት መሰል አካል የሚተካበት በሽታ) ነው የሚታሰበው። ጥርስ የሚያህል ነጭ ስብስብ ኦዶንቶማ (ከጥርስ አካል የተሠራ ዕጢ) ሊሆን ይችላል። ያልወጣ ጥርስን ከአንገቱ ላይ የያዘ ጥቁር ጥላ ዴንቲጀረስ ሲስት (ባልወጣ ጥርስ ዙሪያ የሚፈጠር ሲስት) ነው የሚመስለው። «የሚመስለው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው አሜሎብላስቶማም እንዲሁ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለኩ። ከታችኛው ጠርዝ የተረፈውን ጤነኛ አጥንት በጣም ከሳሳበት ቦታ ለኩና ጻፉት። ቀዶ ሀኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው።

ደረጃ 7፦ በመርፌ ሳቡ፣ ከዚያ ናሙና ውሰዱ

ምስሉ ሁሌም ከናሙና ይቀድማል። ናሙና የተወሰደበት ቦታ በኋላ ምስል ላይ ዕጢው ራሱ የሠራው ቀዳዳ ይመስላል።

ጥቁር ጥላ የሆነን ማንኛውንም ነገር በመርፌ ሳትስቡ አትክፈቱ። በምስሉ ላይ ቅርፊቱ በጣም የሳሳበትን ቦታ ምረጡ፣ አደንዝዙ፣ 18 ቁጥር መርፌ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

- ብጫ ፈሳሽ ከወጣ፦ ሲስት ወይም ፈሳሽ የያዘ ዕጢ ነው።
- ነጭ፣ አይብ የመሰለ ወፍራም ነገር ከወጣ፦ ኬራቶሲስት ጠርጥሩ።
- ምንም ካልወጣ፦ ውስጡ ጠጣር ሊሆን ይችላል።
- ደማቅ ደም ራሱ ስሪንጁን እየገፋ ከሞላ፦ ቁሙ። አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ናሙና አትውሰዱ፣ ጥርስም አትንቀሉ። የደም ስር ችግር ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ጥርስ መንቀል ሰው ይገድላል። የደም ስር ምርመራና ቀዶ ህክምና ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ላኩ።

ናሙናውን በ10% ፎርማሊን ውስጥ፣ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን መጠን አስገቡ። አልኮል ወይም የማደንዘዣ ፈሳሽ ውስጥ አታስቀምጡ። የምስሉን ግኝት አብራችሁ ጻፉ። ፓቶሎጂስቱ ምስሉን ሳያውቅ የአጥንት ዕጢን እንዲፈርድ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ውጤቱ ከምስሉ ጋር ካልተስማማስ? ደውሉለት። ተነጋገሩ። ምስሉ ጥርስ የቆረጠና አጥንት የነፋ ትልቅ ነገር እያሳየ ውጤቱ «ሲስት» ካለ ከሌላ ቦታ ድጋሚ ናሙና ውሰዱ። «ጃያንት ሴል» (ግዙፍ ህዋሶች የታዩበት) ካለ ደግሞ ከቀዶ ህክምና በፊት የደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን አስመርምሩ። ምክንያቱ እሱ ከሆነ መንጋጋው የሚድነው አንገት ላይ ያለው የፓራታይሮይድ እጢ ሲታከም ነው።

ደረጃ 8፦ ቀዶ ህክምናውን በምስሉ ላይ አቅዱ

የፓቶሎጂ ውጤት ሳይመጣ ይህን ደረጃ አትጀምሩ። ምስሉ ከተነሳ ወራት ካለፉትም ድጋሚ ይነሳ፤ ዕጢው ባለበት አይቆይም።

የተለመደው አሜሎብላስቶማ በምስሉ ላይ ከሚታየው ጠርዝ አልፎ ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር ድረስ አጥንት ውስጥ ይሰርጋል። የመቁረጫ መስመሩ በአብዛኛው ከምስሉ ጠርዝ 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ የሚሰመረው ለዚህ ነው። መቦርቦር ብቻ ብዙ ጊዜ በሽታውን ይመልሰዋል። ዕጢው ከተወገደ በኋላ ከታችኛው ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ያህል ጤነኛ አጥንት የሚተርፍ ከሆነ የመንጋጋውን ቀጣይነት ጠብቆ መቁረጥ ይቻላል። ካልተረፈ ሙሉ ክፍሉ ይወጣል።

የመንጋጋውን ሞዴል በስሪዲ ማተሚያ ለማውጣት፦

1. ፋይሉን በነፃ ሶፍትዌር ክፈቱ፤ ስሪዲ ስላይሰር እና ኢንቬሳሊየስ ይሠራሉ። ስሪዲ ስላይሰር ለምርምር የተሠራ ነው፤ ለሚወጣው ነገር ኃላፊው ቀዶ ሀኪሙ ነው።
2. አጥንቱን ከሥጋው ለዩ። በራስ ሰር የወጣውን አትመኑት፤ የሳሳውን ቅርፊት ቁርጥ በቁርጥ በእጃችሁ ሙሉ።
3. የተነፋውን ጎን ለማስተካከል ጤነኛውን ጎን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ።
4. አትሙት። ከዚያ ሞዴሉን በካሊፐር፣ ምስሉን በሶፍትዌሩ ለክታችሁ አስተያዩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ጣሉትና መጠኑን አርሙ።
5. የብረት ፕሌቱን ሞዴሉ ላይ ቀድማችሁ እጠፉ። በቀዶ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ የታካሚው ንክሻም ቦታውን ይጠብቃል።

አጥንት ከእግር የሚወሰድ ከሆነ የእግሩ ደም ስሮች ለብቻቸው ይመርመሩ። የላይኛው መንጋጋ ላይ ደግሞ ጥንቃቄውን እጥፍ አድርጉ። አጥንቱ ስስ ነው፣ ዕጢው በቀላሉ ወደ ሳይነስ (አጥንቱ ውስጥ ወዳለው የአየር ክፍተት) ይገባል፣ ከዚያ በላይ ዓይንና ራስ ቅል ነው።

ደረጃ 9፦ ክትትል

ከቀዶ ህክምናው በኋላ መነሻ የሚሆን ምስል አንሱ። የሚቀጥለው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ከዚያ በየዓመቱ ምርመራና ፓኖራሚክ ይበቃል። ሲቢሲቲ የሚደገመው አዲስ ጥላ፣ እብጠት ወይም መደንዘዝ ሲመጣ ነው። ፕሌቱ አጠገብ የሚታይ ጥቁር ጭረት ብዙ ጊዜ ከብረቱ የሚመጣ ነው፤ ቦታው ከምስል ምስል እየሰፋ ከሄደ ግን ናሙና ይወሰድ።

አሜሎብላስቶማ ከተመለሰ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላም ግን ይመለሳል። ቢያንስ 10 ዓመት ተከታተሉ። ከሩቅ ለመጣ ታካሚ የዳይኮሙን ኮፒ፣ የፓቶሎጂውን ውጤትና ምን እንደተቆረጠ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጡት። የእሱን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመድ ስልክም መዝግቡ፤ ቁጥር ይቀየራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳምንት ካልመጣ ደውሉ።